ግራና ቀኙ የተቆረጠው ፊልም

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንተም በር ሥር የቆምከው፣ ወንበር አለ፣ ቁጭ በል፤ ድምፄ እንደ ዱሮው አይደለም፣ ከሩቅ አይሰማም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሰው አሟሟት ነው። ደም የሚያስፈራችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፤ ደሙ ጥቂት ነው። የበዛው ቅናቱ ነው።

መርማሪዋ ስልክ ሲደወልላት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ልብስ እያሰጣች ነው። የደወለው የሰፈሩ ፖሊስ ነው።

«ከመሰላል ወድቆ የሞተ ሰው ነው፤ አደጋ ነው» አላት።

«አደጋ ከሆነ እኔን ለምን ፈለግኸኝ?»

«ወዳጆቹ አላማሩኝም። ሬሳው ሳይነሳ ‹ፊልሞቹ ለማን ይገባሉ?› እያሉ ይጨቃጨቃሉ።»

መርማሪዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ትልቁን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አጭር፣ ደንዳና፣ ስትራመድ ወለሉን የምታስጮህ ሴት ናት። ስትቀመጥ የምታንቀላፋ ትመስላለች፤ ያንን አምነው ያወሩባት ብዙዎች ዛሬ እስር ቤት ናቸው።

እሷ እስክትደርስ እናንተን ከሰዎቹ ጋር ላስተዋውቃችሁ።

ሟቹን ሰው ሁሉ ባለፊልሙ ይለዋል። በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም አጫዋች ነበር። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ መጋዘን ሲሆን የሚጣሉትን የፊልም ጥቅሎች እየለቀመ ቤቱን ሞላው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ደግሞ ሳሎኑን ሲኒማ አደረገው፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ስክሪን፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ፣ መሃል ላይ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰሉ ወንበሮች። ጥቅሎቹ በየቆርቆሯቸው ሆነው ከአገናኝ መንገዱ ማዶ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። አብረውት የሚኖሩት ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጁና እትዬ የምንላት ታላቅ እህቱ ናቸው።

እሑድ እሑድ ሁለት ወዳጆቹ ይመጣሉ። አንዱ መምህሩ ነው፤ ስለ ፊልም በጋዜጣ ሲጽፍ ጸጉሩ የሸበተ፣ ምላሱ ምላጭ። ሌላው ሰዓት ሠሪው ነው፤ እጁ ለስላሳ፣ ንግግሩ ከእጁም የለሰለሰ። ሦስቱ ከተገናኙ ጨዋታቸው አንድ ነው፤ ስቱዲዮዎች የጥንት ፊልሞችን ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያያቸው ሲያወጡ ምኑን አዳኑት፣ ምኑን ገደሉት?

በዚያም እሑድ ክርክሩ ጦፎ ነበር።

«ያንኑ ፊልም ስንት ጊዜ ይሸጡልናል?» አለ መምህሩ። «መጀመሪያ በካሴት፣ ቀጥሎ በዲስክ፣ ቀጥሎ ‹የታደሰ›፣ ቀጥሎ ‹ዳግም የታደሰ›! ሰው እንኳ እንዲህ ታድሶ አያውቅም!»

«ጭረቱን ቢያነሱልን ምን ከፋ?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ጭረቱን ሲያነሱ ፊቱንም አብረው ነዋ የሚያነሱት! ባለፈው ያወጡትን አላየህም? ተዋናዩ ሻማ መስሎ ቁጭ!»

«ሁለታችሁም ዋናውን ረሳችሁት» አለ ባለፊልሙ። «ዋናው ስፋቱ ነው። ሰፊውን ፊልም ከቴሌቪዥን ሳጥን ጋር እንዲገጥም ብለው ግራና ቀኙን ይቆርጡታል። እኔ ጆሮ ከሌለው ቆንጆ ይልቅ ፊቱ የተጫረ ሙሉ ሰው ይሻለኛል።»

ከዚያ ከኪሱ አንድ የዲስክ መያዣ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁሉም ያውቁታል፤ የባቡር ጣቢያው ፊልም ነው። ሙሉ ስፋቱን የጠበቀ ጥቅል የተገኘው በእሱ ዕቃ ቤት ብቻ ነው። ጥቅሉን ከቆሻሻ ክምር ያወጣው እሱ ነው፤ ከሻጋታው በጥጥ እየጠረገ ምስል በምስል ያዳነው ደግሞ ሰዓት ሠሪው ነው። አሁን አንድ ኩባንያ ከዚያ ጥቅል ቀድቶ ሊያወጣው ነው። ናሙናውን ልኮለታል።

«ሌላም አለ» አለ ባለፊልሙ። «ፊልሙ ሲታይ ከጀርባ ታሪኩን እያጫወትኩ ዲስኩ ላይ እንድቀዳ ጠርተውኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ስቱዲዮ እገባለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለ መምህሩ። እንኳን ደስ ያለህ በተነከሰ ጥርስ ሲወጣ ምን እንደሚመስል መቼም ታውቃላችሁ። ሰዓት ሠሪው ፈገግ አለ።

«እናንተ እዩ፣ እኔ አልቀመጥም» አለ ባለፊልሙ ዲስኩን እየከተተ። «ሲያልቅ አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ። አንድ ወሬም እነግራችኋለሁ።» መብራቱን አጠፋና ወጣ።

ፊልሙ አለቀ። ሰውዬው አልመጣም። እትዬ ልትጠራው ወደ ዕቃ ቤት ሄደች፤ ጩኸቷ እስከ ጎረቤት ተሰማ።

እንግዲህ መርማሪዋ ደረሰች።

ባለፊልሙ ፊልም በሚጠቀለልበት ጠረጴዛ ሥር ወድቋል፤ የጠረጴዛው የብረት ጥግ ደም ነክቶታል። መርማሪዋ ብዙ አልነካካችም። ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተሸፈነ ዲስክ አወጣች፤ «ናሙና» የሚል ማኅተም አለበት። ግራ ገባት። ናሙናው እዚህ ከሆነ ሳሎን ውስጥ ሲታይ የዋለው ምንድን ነው?

ቀጥላ መሰላሉን አየችው። በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይህን ማን አነሳው?»

«ማንም» አለ ፖሊሱ። «እትዬ ስትገባም እንዲሁ ቆሞ ነው ያገኘችው።»

«እህ» አለች። ጎንበስ ብላ የመሰላሉን መርገጫዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች። አንደኛው ላይ ስንጥቅ አለ።

በዚህ መሃል ልጅቷ ዱቄት የነካው ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከዳቦ ቤት ሮጣ ገባች። አባቷን አየች፣ መሰላሉን አየች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«አንቺ ሥራ ላይ አልነበርሽም እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«መርገጫው ተሰንጥቋል፣ አናጢ ጥሪልኝ ካለኝ ስንት ጊዜው! ነገ፣ ነገ እያልኩ… በየቀኑ በአናጢው በር አልፋለሁ እኮ! ገብቼ አንድ ቃል መናገር አቅቶኝ!»

ሰዓት ሠሪው መጥቶ አቀፋት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ እያለች ያደገች ናት። «ተይ ልጄ፣ ሰው ሲባል ይረሳል» አላት ጀርባዋን እየደባበሰ። «እርግጥ አናጢው መጥቶ ቢሆን ኖሮ… ግን ተይው፣ አሁን ምን ይሠራል።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ለቅሶዋ ባሰ። መርማሪዋ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደችና አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ መምህሩ ገባ፤ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ቀንቻለሁ! ይጻፉት! ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ፊልም የጻፍኩት እኔ፣ ዲስክ ላይ ድምፁ የሚቀረው እሱ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።»

«ፊልሙ እንዴት ነበር?»

መምህሩ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። «ጉድ ነው! መግቢያው ላይ ስሞቹ ሲጻፉ ሙሉ ስፋቱ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ተመቻቸሁ። ታሪኩ ሲጀመር ግራና ቀኙ ቁርጥ! የድሮው የተቆረጠ ቅጂ ነው! እነዚያ ቅጂዎች ጽሑፉ እንዳይጎድል መግቢያውንና መዝጊያውን ብቻ ሙሉ ያሳያሉ፤ መሃሉን ይሸለቅቁታል። ‹ይኸው የኩባንያህ ሥራ› ብዬ ባለፊልሙን ላሳፍረው ስድቤን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ሳልነግረው ሞተብኝ።»

«ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«ለማን? ፊልሙ እንዳለቀ እትዬ ጮኸች። ስድቡም ለእሱ ነበር የተዘጋጀው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም።»

«ከሳሎን የወጣ ሰው አለ?»

«እኔ ፊት ነኝ የምቀመጠው። ኋላዬን የማየው በምኔ ነው?»

እትዬ ስትገባ የሹራብ መርፌዋና ክሯ ከእጇ አልተለየም። ታለቅሳለች፣ እጇ ግን ይሠራል።

«እትዬ፣ ፊልሙን አይተውታል?»

«ምን ፊልም ነው እሱ፣ የኔ ልጅ? ሁለት አፍንጫ ሲነጋገር ዋለ! አንዱ አፍንጫ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፤ መሃሉ ባዶ ግድግዳ። እኔማ በመጋረጃው ቀዳዳ በምትገባው ብርሃን ሹራቤን ስሠራ ነበር። ወደ ኋላም አልዞር፣ አንገቴ እንቢ ካለኝ ቆየ።»

«እርስዎም በወንድምዎ ይቀኑ ነበር?»

እትዬ አፍንጫዋን ጠረገች። «በእሱ ሳይሆን በእነዚያ ቆርቆሮዎች። ለእነሱ አቧራ ያራግፋል፤ እኔ ሳስል ግን አይሰማም። ሰሞኑን ገና ‹እትዬ፣ ሻርፕ ሥሪልኝ› አለኝና ደስ አለኝ። ሁለት፣ አንድ ዓይነት ይሁን አለ። አንደኛው አልቋል፣ ይህ ሁለተኛው ነው…» ለቅሶው ቀጣዩን ቃል ወሰደባት። መርማሪዋ አላስቸገረቻትም።

መጨረሻ ሰዓት ሠሪው ገባ፤ እጆቹን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«እኔ በር አጠገብ ነኝ፤ ከወንበሬም አልተነሳሁ» አለ። «ፊልሙ ይዞኝ።»

«ጥሩ ነበር?»

«ኩባንያው እጁ ይባረክ! ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ምንም አልጎደለ። ባቡሩ ሲነሳ በግራ ጠርዝ መሐረብ የምታውለበልብ አሮጊት አለች፤ ብዙ ሰው አያያትም። ዛሬ የመሐረቡ ጥልፍ ሳይቀር ታየ።»

«በወዳጅዎ ዕድል አልቀኑም?»

«እኔ? ምን ያስቀናኛል? ወንድሜ ነው።»

«ይገርማል» አለች መርማሪዋ። «በዚህ ቤት ያልቀና ሰው ሳገኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ በየቀድሞ ቦታቸው አስቀመጠቻቸው። ልጅቷ ከአክስቷ ጎን ተቀመጠች። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። መርማሪዋ መሰላሉን ራሷ ተሸክማ አመጣችና ግድግዳውን አስደግፋ አቆመችው።

«እኔ ፊልም አይቼ ጨርሼ አላውቅም» አለች። «መሃሉ ላይ ገዳዩን አውቅና እንቅልፍ ይወስደኛል። ዛሬ ግን አልተኛሁም። በመሰላሉ እንጀምር። ልጄ፣ የተሰነጠቀው መርገጫ የትኛው ነው?»

ልጅቷ በጣቷ አሳየች። መርማሪዋ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ በዚያ ሁሉ ክብደቷ የተሰነጠቀው መርገጫ ላይ ወጥታ ቆመች። እንጨቱ ሲጥ አለ። እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። መርማሪዋ አንዴ፣ ሁለቴ ተወዛወዘችበት። መርገጫው ቻላት።

«አየሽ?» አለች ከላይ ሆና። «እኔን ከተሸከመ ያንን ቀጭን አባትሽን አይጥለውም። ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም። አናጢውን መርሳትሽ መርሳት ነው፣ በቃ። ሰው አልገደለም።»

ልጅቷ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። ያን ጊዜ የወጣው ለቅሶ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር።

መርማሪዋ ወረደችና ጫማዋን አጠለቀች። «ሁለተኛ፣ ባለፊልሙ ወድቆ ሲገኝ መሰላሉ ቆሞ ነበር። ከመሰላል ወድቆ የሞተ ሰው ተነስቶ መሰላሉን ቦታው አይመልስም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ። የቤቱ የውጭ በር ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር ከውጭ የገባ የለም። ከሳሎን የወጣ ሰው አለ ማለት ነው። ሁላችሁም አልወጣንም ትላላችሁ።»

«እኔ ስድብ ላይ ነበርኩ!» አለ መምህሩ።

«አውቃለሁ፣ ይቀመጡ። እኔ ስለ ፊልም አላውቅም፤ ፊልሙን ያየ ሰው ግን ያየውን ይናገራል።» ማጫወቻውን ከፈተችው። «ይህ ዛሬ ስታዩት የዋላችሁት ነው። ዲስኩ ከማጫወቻው አልወጣም።»

ስሞቹ በሰፊው ስክሪን ላይ ዳር እስከ ዳር ተጻፉ። ሰዓት ሠሪው ተረጋግቶ ይመለከታል። ታሪኩ ሲጀመር ምስሉ ከግራም ከቀኝም ተቆረጠ፤ መሃል ላይ አንድ ጠባብ አራት ማዕዘን ቀረ። ሁለት አፍንጫዎች መነጋገር ጀመሩ።

«ይኸው፣ አላልኩሽም?» አለች እትዬ።

ሰዓት ሠሪው ከንፈሩ ነጣ። መርማሪዋ ፊልሙን ወደፊት አስኬደችው። ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። በግራ በኩል አሮጊትም የለችም፣ መሐረብም የለም፤ ጥቁር ብቻ።

«ባለፊልሙ ሊፈትናችሁ ነበር» አለች። «ናሙናውን ኪሱ አስቀርቶ የተቆረጠውን አሮጌ ዲስክ በመያዣው ከተተ። ሲያልቅ ‹ምን አያችሁ?› ሊላችሁ። መምህሩ መቆረጡን አይተው ተንጨረጨሩ። ከፊልም ጋር የማይተዋወቁት እትዬ እንኳ ሁለት አፍንጫ አዩ። እርስዎ ግን፣ ጋሼ፣ ‹ከጠርዝ እስከ ጠርዝ› አሉኝ። መግቢያውን ብቻ አይተው አዲሱ ዲስክ ነው ብለው አመኑ። ከዚያ ወጡ።»

«በቃሌ ስለማውቀው… ከልማድ ተናገርኩ እንጂ…»

«ልክ ነው፣ ከልማድ ነው። እያንዳንዷን ምስል በእጅዎ ጠርገዋታል። አሮጊቷን ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለም። ግን ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ቢሆን መጀመሪያ የሚነግሩኝ እሷ መጥፋቷን ነበር።»

ናሙናውን ከተተችና ያንኑ ቦታ ፈለገች። ባቡሩ በሙሉ ስፋቱ ተነሳ። በግራ ጠርዝ፣ ጎንበስ ያለች አሮጊት መሐረቧን ታውለበልባለች። ጥልፉ ሳይቀር ይታያል። ሰዓት ሠሪው ባያት ጊዜ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«‹የእኔስ ስም?› ብቻ ነው ያልኩት» አለ። «ጥቅሉን ሊያወርድ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ነበር። ‹ዓይኔ የደከመው በዚያ ፊልም ነው፤ አንተ ብቻህን ልታወራበት ነው?› አልኩት። ሳቀ። ‹ቆይ፣ ሲያልቅ ትሰማለህ› አለኝ። ሳቀብኝ እኮ! መሰላሉን ያዝኩና ነቀነቅኩት። ላስደነግጠው ነበር…»

«ከዚያ መሰላሉን አነሱት።»

«ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ይህ እጅ የወደቀ ነገር ትቶ አያውቅም። አገናኝ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የመዝጊያው ሙዚቃ ሲሰማ ገባሁ።»

መርማሪዋ ወደ እትዬ ዞረች፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ሁለተኛው ሻርፕ የማን ነው?»

እትዬ መርፌዋን ይዛ ሰዓት ሠሪውን ትኩር ብላ አየችው።

«የአንተ ነዋ» አለችው። «‹ስቱዲዮው ብርድ ነው፤ ለእኔና ለእሱ አንድ ዓይነት ሥሪልን› አለኝ። ‹ከእሱ ጋር ካልሆነ አልናገርም ብዬ ኩባንያውን እሺ አሰኝቻለሁ፤ እስክነግረው ድረስ ትንፍሽ እንዳትዪ› አለኝ። ዛሬ ሊነግርህ ነበር። ወሬው እሱ ነበር።»

ስክሪኑ ላይ አሮጊቷ መሐረቧን ታውለበልባለች፤ ማጥፋቱን ማንም አላስታወሰም።

ፖሊሱ ሊወስደው ሲቀርብ ልጅቷ ከፊቱ ቆመች።

«ጋሼ» አለችው። «ነቀነቅኩት አልክ፤ ሰማሁ። እኔን ግን ለምን አቀፍከኝ? ለምን አናጢውን አነሳህብኝ?»

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ዲስኩ ኋላ ወጣ። መምህሩ እንዲናገርበት ሲጠየቅ እንቢ አለ፤ ያ ሁሉ ጊዜ የቀናበትን ነገር በእጁ ሲሰጡት አልፈልግም ማለቱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ፊልሙ ያለ ማብራሪያ፣ በሙሉ ስፋቱ ወጣ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ሻርፕ በብርድ ቀን ትለብሰዋለች። አናጢውንም ጠርታ መርገጫውን አሠራችው፤ ማንም ባይወጣበትም። ሁለተኛው ሻርፕ መርፌው እንደተሰካበት በእትዬ ቅርጫት ውስጥ አለ። አትጨርሰው፣ አትፈታው።

መሽቷል፣ ሂዱ እንግዲህ ልጆቼ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ወዳጃችሁ «ቆይ፣ ትሰማለህ» ብሎ የሳቀባችሁ የመሰላችሁ ቀን፣ ያቺን ያላለቀች ሻርፕ አስታውሱልኝ።